የቀኑን ሥራ ማን ሠራው?

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እንዴት እንደ ታነጹ የሚናገረው ትውፊት ሁለት ፈረቃ አለው። ቀን ቀን ሰዎች ይጠርባሉ፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ መላእክት እየወረዱ ከሰዎቹ የበለጠ ሠርተው ያድራሉ። ይህን ሳይሰማ ያደገ የወሎ ልጅ አለ ለማለት ይቸግረኛል። በትውፊቱ ላይ ክርክር የለኝም። ማንም የሚያምነውን ያምን ዘንድ መብቱ ነው፤ እኔም በሌሊቱ ሥራ ውስጥ ገብቼ የማጣራ ሰው አይደለሁም። የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ስለ ሌሊቱ ፈረቃ ስንጨዋወት፣ ትውፊቱ ራሱ በግልጽ ለሰው የሰጠውን የቀኑን ፈረቃ ረስተነዋል። ቀን የሠሩት እነማን ነበሩ? በምን መሣሪያ? ማን አስተማራቸው? ምሳቸውን ማን ተሸክሞ አመጣላቸው? መሮው ሲዶለዱም ወዴት ወሰዱት?

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገራችን ቆይቶ፣ በ1540 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ላሊበላን ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ያየውን ቢጽፍ አንባቢ እንዳያምነው ስለ ሰጋ በፈጣሪ ስም እየማለ ነው የጻፈው። ሰውዬው ቢያንስ ያየውን ጻፈ። ከእርሱ በኋላ ከመጡት አንዳንዶቹ ግን ያላዩትን ጨመሩበት። ግራሃም ሃንኮክ የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመውና ብዙ በተነበበው መጽሐፉ ቴምፕላሮች የተባሉት የመስቀል ጦረኞች በሥራው እጃቸው ሊኖርበት ይችላል የሚል ግምት ወረወረ። ማስረጃው ከግምትነት አላለፈም፤ ሆኖም ግምቱ ከመጽሐፉ ወጥቶ በየቡና ቤቱ ተቀመጠ። እነሆ የእኛ ጠራቢ በሁለት ወገን ተነጠቀ፤ ሌሊቱ ለሰማይ፣ ቀኑ ለባሕር ማዶ ተሰጠ።

እስቲ ቀኑን ለባለቤቱ እንመልስና ሥራውን እንየው።

ቤት የሚሠራ ሰው ከመሠረት ይጀምራል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደርባል፤ ያጠፋ እንደ ሆነ አፍርሶ ይደግማል። የላሊበላው ጠራቢ ግን ከጣሪያ ጀምሮ ወደ መሠረት ነው የወረደው። አስቀድሞ ዙሪያውን ቆፍሮ ከተራራው የሚለየውን አለት ያስቀራል፤ ከዚያ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ በመስኮቱም ገብቶ ውስጡን፣ ዐምዱንና ቅስቱን ያወጣል። ድንጋይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ዐምድ ይሆናል የተባለው ቦታ በስሕተት ከተቦረቦረ መመለሻ የለውም። ስለዚህ አንድ መሮ ከመነሣቱ በፊት ሕንፃው በሙሉ በአንድ ሰው ወይም በጥቂት ሰዎች አእምሮ ውስጥ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ በልኩ፣ በክፍሉ፣ በደረጃው። በእኛ ዘመን መሐንዲስ ይህን በወረቀት ላይ ይነድፈዋል። የእነርሱ ንድፍ በምን ላይ እንደ ነበር የተረፈ ነገር የለም።

ይህን ዓይነት ጥበብ በዓለም ላይ የሞከሩት እነርሱ ብቻ አይደሉም። በሕንድ ኤሎራ በሚባል ቦታ የሚገኘው የካይላሳ ቤተ መቅደስ በስምንተኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. እንዲሁ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት ተፈልፍሏል። ይህን ስል ከሕንድ ተኮረጀ ማለቴ አይደለም። የላስታው ጠራቢ ከየት እንደ ተማረ ሕንፃው ራሱ ይመሰክራል። ቤተ አማኑኤልን የተመለከተ ሰው ግድግዳው ገባ ወጣ እያለ እንደ ተደራረበ ያስተውላል። ያ የአክሱም ግንበኛ እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቀ የሚሠራው ሥራ ምስል ነው። ከላሊበላ ከተማ ራቅ ብሎ በዋሻ ውስጥ የተገነባው ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ያንኑ ሥራ በእውነተኛ እንጨትና በእውነተኛ ድንጋይ ያሳየናል፤ ዕድሜውም ከላሊበላ ይቀድማል። እንግዲህ የድንጋይ ጠራቢው የአናጢውን ሥራ በድንጋይ ገለበጠ ማለት ነው። እንጨት በሌለበት የእንጨት ጫፍ ቀረጸ። ቅኔ ለሚወድ ሰው ይህ ራሱ ሰምና ወርቅ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ውኃው ነው። ጉድጓድ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው የመጀመሪያ ጠላቱ ክረምት ነው። የላስታ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያወርደውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሪያዎቹ ተዳፋት አላቸው፤ የግቢዎቹ ወለል አዘንብሏል፤ ውኃው በተቆፈሩ ቦዮች እየተቀባበለ ዮርዳኖስ ወደሚባለው ቦይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የታሰበ ሊሆን አይችልም፤ ከመጀመሪያው መሮ ጋር የታሰበ ነው። ሥነ ሥርዓቱን የሚያይ ቱሪስት ሻማውንና ከበሮውን ፎቶ ያነሣል፤ ቦዩን የሚያነሣ አላየሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ አንዳንዶቹን ቤቶች ከዝናብ ለመከለል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የብረት ጣሪያ ተተከለባቸው። ክብደቱና ነፋሱ ቤቶቹን እንዳይጎዳ የአካባቢው ሰው ሲያሰማው የኖረው አቤቱታ ይታወቃል። የስምንት መቶ ዓመቱ ቦይ ዝም ብሎ ሲሠራ ኖሮ፣ የእኛ ዘመን ጣሪያ በጥቂት ዓመት ሙግት አስነሣ።

ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ከተጠረበው ድንጋይ ይልቅ ተጠርቦ የተጣለውን ፍርስራሽ ማጥናት ጀመረ። ከጉድጓዱ የወጣው ድንጋይ የት ተደፋ? የትኛው ክምር በየትኛው ላይ ነው? በሮቹና ደረጃዎቹ ከፍ ብለው የቀሩት ለምንድን ነው? በዚህ መንገድ አንዱ ቦታ ደጋግሞ እንደ ተጠረበ፣ ሥራውም በአንድ ጀምበር ሳይሆን በደረጃ በደረጃ እንደ ተከናወነ እያሳዩ ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ፍርስራሹ የቀኑ ሠራተኞች መዝገብ ነው። ገድል ያልጻፈላቸውን ክምሩ ጽፎላቸዋል።

አሁን ወደ መሮው ልመለስ። የላስታ አለት ከሌላው ይለሰልሳል ቢባልም ብረት ይበላል። መሮ ይዶለዱማል፤ ዶማ ይታጠፋል። የተዶለዶመ መሮ የሚሳለው በእሳት ነው፤ እሳቱ ደግሞ በወናፍ ይነፋል፤ ወናፉን የሚነፋና ብረቱን የሚቀጠቅጥ ሰው አለ። ከእያንዳንዱ ጠራቢ ጀርባ ቀጥቃጭ ቆሟል። ከሰል የሚያከስል ደግሞ ከቀጥቃጩ ጀርባ። እንግዲህ ይህ ቀጥቃጭ በእኛ ሀገር ምን ተብሎ እንደ ኖረ ሁላችንም እናውቃለን። «ቡዳ» ተባለ፤ «ጠይብ» የሚለው የጥበብ ስም ስድብ ሆነበት፤ ልጁ ከጨዋ ልጅ ጋር አልተጋባም፤ ማታ በሩ ሲያልፍ ሰው አማተበ። ቅዱሱን ቤት የሠራው ብረት ከእርሱ እጅ ወጥቶ ሳለ!

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚለኝ ይኖራል። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኔን ከመስኮት ጀርባ ነው የማሳልፈው። አንድ ቀን ከሀብሩ ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ሒሳብ ሊከፍቱ ፊቴ ተቀመጡ። ቅጹ ላይ «ሥራ» የሚል ቦታ አለ።

«አባቴ፣ ሥራዎ ምን ልበል?»

«ነጋዴ በለው።»

«ምን ይነግዳሉ?»

«ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ።»

«ከየት ነው የሚያመጡት?»

ሣቅ አሉና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ፍንጣሪ የበላው መዳፍ ነበር። «ታዲያ ቀጥቃጭ ልበለዋ?» ስላቸው ሣቃቸውን ሰበሰቡ። «ተው ልጄ። ወረቀቱ ኋላ ልጆቼ እጅ ይገባል።» ነጋዴ ብዬ ጻፍኩ፤ የጠየቁኝን ነው የጻፍኩት። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ እንዲታረም በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተው ነበር፤ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ለሀገር የሚጠቅም መሆኑን ዘርዝረው። ከአዋጁ እስከ እኔ መስኮት ያለው ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በዚያ ቀን ማታ ደብተሬ ላይ ይህችን ጫርኩ፤

ደጁን ስንሳለመው፣ ጣሪያውን ስናደንቅ፣
መሮውን የሳለው ማን መሆኑን ሳናውቅ፣
ድንጋዩ ከበረ፣ ብረቱ ዝም አለ፤
ፍሙን ያራገበው ጢሱን ተከተለ።

ንጉሥ ላሊበላ የነገሡት በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ምን ይሠራ ነበር? በካምቦዲያ ሰባተኛው ጃያቫርማን አንግኮር ቶምን ያሠራሉ። በፈረንሳይ በ1194 እ.ኤ.አ. የተቃጠለው የሻርትር ካቴድራል እንደ ገና ይነሣል። በ1202 እ.ኤ.አ. የፒሳው ሊዮናርዶ፣ ፊቦናቺ የምንለው፣ ከሕንድ ተነሥቶ በዐረቦች እጅ ያለፈውን የቁጥር አጻጻፍ ለአውሮፓ ነጋዴዎች የሚያስተምር መጽሐፉን ጻፈ፤ ሒሳቡን የተማረው አባቱ በጉምሩክ ሥራ ላይ በነበሩበት በሰሜን አፍሪካ፣ በቡጂያ ነበር። በ1206 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዲያርባክር አልጀዘሪ የተባለው የመካኒክ ሊቅ በውኃ የሚሠሩ ሰዓቶችንና ማሽኖችን ከነሥዕላቸው አስፍሮ አበረከተ። የአልጀዘሪን ነገር ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ሰውዬው በገዛ እጁ የሚሠራ ነው፤ ጻፈም። ሌላ ሠራተኛ አንብቦ መልሶ ይሠራው ዘንድ እያንዳንዱን ክፍል በመጠኑ ጻፈ። በቻይናም ሊ ጂዬ የተባለ ሹም ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1103 እ.ኤ.አ.፣ የግንባታን ሥርዓት የሚወስን ትልቅ መጽሐፍ በመንግሥት ትእዛዝ አሳትሞ ነበር። በእነዚያ ቦታዎች ቢያንስ አንዳንዴ ብዕርና መዶሻ በአንድ ቤት አድረዋል። በእኛ ዘንድ ግን ብዕሩ በደብር፣ መዶሻው በመንደር ዳር ቀረ። የላሊበላ ሊቀ ጠራቢ ምንም ያልጻፈው እውቀት ስላነሰው አይደለም፤ ብራናው የእርሱ ስላልነበረ ነው።

የሻርትር ግንበኞችም ስማቸው በአብዛኛው አልተጻፈም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሻርትርን መላእክት ሠሩት የሚል ፈረንሳዊ ዛሬ ብዙ አታገኙም፤ ቴምፕላር ሳይሆን ኢትዮጵያዊ ሠራው የሚልም የለም።

ብዕሩ በበኩሉ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ይህን የምለው ሳይንስ ከእኛ ጋር ተዋውቆ አያውቅም የሚሉትም ስለሚያናድዱኝ ነው። ባሕረ ሐሳብን ውሰዱ። እኔ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ስለምውል ይሆናል፣ ከግጥም ቀጥሎ የምወደው ነገር ነው። የ2018 ዓ.ም.ን ፋሲካ እንፈልግ። 5500 ዓመተ ዓለም ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል። ይህ በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። መምህሩ ከዚህ ላይ አንድ ቀንስ ይልሃል፤ 12፤ ይህ ወንበር ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12 ይወጣል። ያው ወንበር በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ ሆኑ። ባንክ ውስጥ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ዕዳና ገቢ እኩል ሲወጣ የሚሰማ እፎይታ አለ፤ ያው እፎይታ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18ና 7 ሃያ አምስት። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሩ ሚያዝያ 4 ፋሲካ ነው። ኮምፒዩተር የለ፣ ካልኩሌተር የለ። በአንድ ማሳ ዳር ተቀምጦ የቆሎ ተማሪ በጣቱ ይፈጽመዋል።

ይህ ሒሳብ ግን የእኛ ብቻ አይደለም፤ ኩራቱም እዚያ ላይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ ጨረቃና ፀሐይ ተመልሰው እንደሚገጣጠሙ ባቢሎናውያን ያውቁ ነበር፤ የአቴናው ሜቶን በ432 ዓመተ ዓለም ሳይሆን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት አወጀው፤ እስክንድርያ ለፋሲካ ቀመረችበት፤ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ድሜጥሮስን እያመሰገኑ ተቀብለው እስከ ዛሬ አላቋረጡትም። ባቢሎን ፈርሳለች። የባቢሎን ሒሳብ ግን በወልድያ ደብር ቅጽር ውስጥ በልጆች አፍ አለ።

አንድ የማይለቀኝ ነገር አለ። በባሕረ ሐሳብ ሲካፈል ምንም ያልተረፈ እንደ ሆነ ወይም ከአንዱ አንድ ሲቀነስ «አልቦ» ይባላል። የለም ማለት ነው። ሊቃውንቱ የምንምን ስም ያውቁ ነበር፤ በስሌታቸው ውስጥም ቦታ ሰጥተውታል። ነገር ግን ምልክት አላበጁለትም። የግእዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው፤ ፳፻፲፰ ብሎ መጻፍ ውብ ነው፤ ሁለት የግእዝ ቁጥሮችን ቁልቁል ደርድሮ ማባዛት ግን አይቻልም፤ ቁጥሩ የቦታ ዋጋ የለውምና። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ በ628 እ.ኤ.አ. ለዚያው ለ«የለም» የመደመርና የመቀነስ ሕግ ጻፈለት፤ በባግዳድ አልኽዋሪዝሚ ተቀበለው፤ ዓለምም ባንኩን በእርሱ ላይ ሠራ። በስምና በምልክት መካከል ያለችው እርምጃ ትንሽ ትመስላለች።

የአልኽዋሪዝሚ ስም ከተነሣ አይቀር፣ አልጀብራ የሚለውን ስም ለዓለም የሰጠው መጽሐፉ ሰፊው ክፍል የውርስ ክፍፍል ሒሳብ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በየጁ ምድር፣ በዳና፣ ደረሳው ፈራኢድ ሲማር ያንኑ የክፍልፋይ ሒሳብ ነው የሚማረው፤ ለሚስት ስምንተኛው፣ ለእናት ስድስተኛው፣ ቀሪው ለልጆች። አንዱ ለፋሲካ፣ ሌላው ለውርስ፤ የቄስ ተማሪውና ደረሳው በአንድ ገበያ መንገድ ይተላለፋሉ፤ የሁለቱም ሒሳብ በእስክንድርያና በባግዳድ በኩል የመጣ ነው።

ስለዚህ «ሁሉን የፈጠርን እኛ ነን» የሚለው የቡና ቤት ሽለላ አይማርከኝም። 33 ሜትር ርዝመት ያለውን የአክሱም ሐውልት የጠረቡ ሰዎች ታላቅነት በማንም አልተጠራጠርሁም፤ በ1937 እ.ኤ.አ. ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውንና በ2008 የቆመውን 24 ሜትር ሐውልት ለመሸከም ጣልያኖች ሦስት ቦታ ቆርጠው በአንቶኖቭ ማምጣታቸውም የሚያስቅ ኩራት ይሰጠኛል። ግን ትልቁ ሐውልት ወድቆ ተሰብሯል። እንዴት እንደ ወደቀ፣ መሠረቱ ለምን እንዳልያዘው መጠየቅም ከሐውልቱ ጋር የወረስነው ሥራ ነው። የሚፎክር ሰው ይህን አይጠይቅም።

በዐፄ ቴዎድሮስ ነገርም ያው ነው። ጋፋት ላይ በሚስዮናውያኑ ሠራተኞች እጅ ስለ ተቀለጠው፣ ሰባት ቶን ገደማ ስለሚመዝነው ስለ ሴባስቶፖል ያልተገጠመ ነገር የለም፤ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሞለታል። እኔ ግን መድፉ ሳይሆን መንገዱ ነው ታላቁ ሥራቸው ባይ ነኝ። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ያን ብረት በሰው ጉልበት እየጎተቱ መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። በዋድላ ደጋ አልፈው ወደ ጅጣ ገደል የሚወርድ፣ ከዚያም ደላንታን አቋርጦ ወደ በሽሎ የሚጠልቅ መንገድ አስጠረጉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ያንን ገደል ያየ ያውቀዋል። የጄኔራል ናፒየር ጦር ሲመጣ በዚያው መንገድ ወረደ፤ የእንግሊዝ ጸሐፊዎችም መንገዱን አደነቁት። ጠላት እንዲመሰክርለት ያደረገ ሥራ ነበር፤ እኛ ግን መድፉን ዘፈንን። ያን ገደል የጠረጉት ወታደሮችና ገበሬዎች የት ተጻፉ?

ወልድያ መገናኛ ላይ ብትቆሙ በመርሳ በኩል የመጣው መንገድ የጣልያን ይባላል፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው የቻይና ይባላል፤ ከአዋሽ ወደ ሐራ ገበያ የመጣው ሐዲድ ደግሞ የቱርክ ነው። ስሞቹ ሐሰት አይደሉም፤ ካርታውን ያነሡ እነርሱ ናቸው። ድንጋይ ፈላጩ የማን ልጅ እንደ ነበር ግን የሰፈሩ ሽማግሌ ይነግራችኋል።

ድንጋይና ብረት ይብቃኝ። ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ማጠንጠኛ ማሽላ ነው፤ ሀብሩ የማሽላ ሀገር ነውና።

በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዝርያዎችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ አስፈላጊ የሆነ ንጥረ ነገር ከተራው ማሽላ እጥፍ ገደማ የሆነባቸው ሁለት ዝርያዎች ማግኘታቸውን አሳተሙ። ማሽላ ሆድ ይሞላል እንጂ በላይሲን ድሃ ነው፤ ልጆችን በማሽላ ብቻ ማሳደግ የማይበጀው በዚህ ነው። ግኝቱ ትልቅ ወሬ ሆነ። ሁለቱም ዝርያዎች የመጡት ከወሎ ነበር።

የወሎ ገበሬ ይህን ማሽላ ቀድሞ ያውቀዋል። ፍሬው ጭምድድ ያለ፣ ምርቱም አነስተኛ ነው፤ በሚዛን ካየኸው የሚያዋጣ አይደለም። ገበሬው ግን ከሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት እየዘራ፣ በእሸትነቱ እየጠበሰ፣ ዘሩን ሳያጠፋ ለልጅ ልጁ አደረሰው። ስምም አወጣለት፤ «ወተት በጉንጬ»። ሌላውንም «ማርጩቄ» አለው። እስቲ ይህን ስም በጉንጫችሁ ያዙት! ላይሲን የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ሰው፣ ላቦራቶሪ ሳይኖረው፣ ይህ እህል ከእህልነት አልፎ ወደ ወተት የሚጠጋ መሆኑን በምላሱ ለየ፤ የለየውንም በሁለት ቃል መዘገበ። ግጥም የሚጽፉ ወዳጆቼ ዘይቤ ይሉታል። እኔ የምርመራ ውጤት እለዋለሁ። በአባትና በልጅ መካከል ስሙ ብቻ ስንት ዘመን መረጃ ተሸክሞ እንደ ኖረ አስቡት።

የአክስቴል ተማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ደግሞ የማሽላን ሥር እየጠባ የሚያደርቀውን አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ከዚያ ምርምር የተገኙት ዝርያዎች በሀገራችን «ጎብዬ» እና «አብሽር» ተብለው ለገበሬ ተለቀዋል። ስሞቹን ያወጣቸው ሰው የገበሬውን የስም አወጣጥ ያውቅ ነበር መሰለኝ። ዶክተር መላኩ ወረደም አሉ፤ በአዲስ አበባ የነበረውን የዘር ማዕከል ሲመሩ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ረኃብ የዘር ጎተራውን ሲያስበላ፣ የገበሬውን ዘር ከመጥፋት ለማዳን የሠሩት ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል። ዘሩን የፈጠረው ገበሬው እንደ ሆነ እየመሰከሩ ነበር የሠሩት። በእኔ ዓይን የብዕሩና የመዶሻው ዕርቅ ይህን ይመስላል። ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትመጡ የሲሪንቃን የምርምር ማዕከል ታልፋላችሁ፤ እዚያም ከገበሬ ማሳ የተለቀመ ማሽላ በቁጥርና በስም ተመዝግቦ ይዘራል። ጦርነቱ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. እዚህ ሲያልፍ ማዕከሉም አልተረፈም ነበር።

የላሊበላን ጠራቢ ስም አሁን ማንም አያመጣውም። ያ አልፏል። ነገር ግን ከወልድያ ወደ ላሊበላ ስትጓዙ ጋሸና አካባቢ፣ በእኛው ዘመን በመሮና በመዶሻ አዲስ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን የሚጠርቡ ሰዎች አሉ። ከላይ ይጀምራሉ፤ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጎብኚ ይመጣል፤ ፎቶ ያነሣል፤ «ተአምር!» ይላል፤ ይሄዳል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎችን ያስመርቃል፤ ከእነርሱ አንዱ ለመመረቂያ ጽሑፉ ደብተርና ሜትር ይዞ አንድ በጋ እዚያ ቢቀመጥ ምን ይጎድልበታል? በቀን ስንት ክንድ ይወርዳሉ? ጣሪያው ሳይወጣ የመስኮቱን ቦታ በምን ያውቁታል? ስንጥቅ ሲገጥማቸው ወዴት ይዞራሉ? የክረምቱን ውኃ ወዴት ሊሸኙት አስበዋል? መሮው በሳምንት ስንት ጊዜ እሳት ይገባል፣ የሚስለውስ ማን ይባላል፣ አባቱስ?